እኔ ሻንጣ አይደለሁም

በየሽርሽር መርከቡ ላይ ሁለት ሺህ ተጓዥና አንድ እምቢ ባይ አለ። ሁለቱ ሺህ ብሉ ሲሏቸው ይበላሉ፣ ተኙ ሲሏቸው ይተኛሉ፣ ውረዱ ሲሏቸው ደግሞ ደረታቸው ላይ ቁጥር ለጥፈው፣ ጃንጥላ ወደ ላይ የቀሰረች አስጎብኚ ተከትለው፣ ከመርከብ ወደ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ ወደ መርከብ ይጫናሉ። አንዱ ግን እምቢ ይላል። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁት ምክንያት አያጣም፤ ምክንያት ቢያጣም እምቢታው አይጎድልበትም። እንዲህ ያለ ሰው በዘመድ አዝማዳችሁ መካከል የለም የምትሉ ካላችሁ እንደገና ቁጠሩ፤ አንድ ሰው ረስታችኋል።

የእኛ ቤተሰብ እምቢ ባይ አማቴ ናቸው። ክብርት ወይዘሮ ሪንስከ፣ የሰባ ስምንት ዓመት እመቤት፣ የሆላንዷ የሃርሊንገን ወደብ ተወላጅ፣ የጠባብ ቤትና የቀጥ ያለ ደረጃ ባለቤት፣ የጨው ከረሜላ አዳይ፣ የሹርድና የባለቤቴ የኒንከ እናት። እኔ ዊትሰ እባላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አውቶቡስ የምወድ ሰው ነኝ። ለስላሳ ወንበር፣ ቀዝቃዛ አየር፣ የት እንዳለሁ የሚነግረኝ ሰው ካገኘሁ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ይህን ግን አማቴ ፊት ተናግሬው አላውቅም።

በመጀመሪያው ቀን የጉብኝት ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠች ልጅ ፈገግ ብላ «14» የሚል ክብ ወረቀት ደረታቸው ላይ ልትለጥፍ እጇን ዘረጋች። አማቴ እጇን አየር ላይ ቀለቡት።

«የኔ ልጅ» አሏት በትሕትና፣ «ቁጥር የሚለጠፈው ሻንጣ ላይ ነው። እኔ ሻንጣ አይደለሁም።»

ከዚያ ወዲያ ይህ ቃል የሳምንቱ መዝሙር ሆነ። ሊፍት ይግቡ ሲባሉ «እኔ ሻንጣ አይደለሁም» ብለው ስድስት ፎቅ በእግራቸው ይወጣሉ። የክፍሉ አስተናጋጅ ፎጣ አጣጥፎ ዳክዬ አስመስሎ አልጋቸው ላይ ቢያስቀምጥላቸው፣ ዳክዬዋን ፈትተው መልሰው ፎጣ አደረጓት። በአደጋ ልምምዱ ቀን አንድ ወጣት መርከበኛ የነፍስ አድን ጃኬታቸውን ማሰሪያ ሊያጠብቅላቸው ቢጠጋ፣ እሳቸው የእሱን ፈትተው እንደ ደንቡ አሰሩለት። ልጁ አመስግኖ ሄደ።

ይህ ሁሉ እውቀት ከየት መጣ ካላችሁ፣ ባለቤታቸው ኦነ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከሃርሊንገን ወደ ደሴቶቹ በሚመላለሰው ጀልባ ላይ ሠላሳ ስድስት ዓመት ምክትል ካፒቴን ነበሩ። ሲሞቱ አንድ በእጅ የሚሞላ ሰዓትና አንድ ሕግ አወረሷቸው። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ መርከብ ላይ ያለ ሰው የመርከቡን ሰዓት ይይዛል፣ ሌላ ሰዓት አያውቅም። አማቴ ግሪክ አገር ፒሬየስ ላይ እንደተሳፈርን ሰዓታቸውን ከመርከቡ ሰዓት ጋር አስተካከሉ። ከዚያ በኋላ እንኳን እኛ ፀሐይዋ ራሷ ወርዳ ብትለምናቸው አይነኩትም።

ሹርድ ክፉ ልጅ አይደለም። የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ነው፣ የሚሠራው ኢንሹራንስ ውስጥ ነው፣ እንጀራው ሰው ነገ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ማስላት ነው። አምና መጋቢት ላይ እናቱ ወጥ ቤት ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና እስኪነጋ ወለሉ ላይ ተኝተው አደሩ። ያን ሌሊት ሹርድ የሃያ ደቂቃ መንገድ ርቀት ላይ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ደህና እንቅልፍ የተኛ አይመስለኝም። እናቱን ባየ ቁጥር ከአፉ የምትወጣው አንዲት ቃል ናት፦ «ቀስ በይ እማዬ፣ ትወድቂያለሽ!» በቀን አርባ ጊዜ።

እናም በሻንጣው ውስጥ አንድ ቅጽ ይዞ መጥቷል። የአረጋውያን መኖሪያ ማመልከቻ ነው፤ በየግድግዳው የደወል ገመድ የተንጠለጠለበት፣ ደረጃ የሚባል ነገር የሌለበት፣ ክፍሉ እስከዚህ ጉዞ መጨረሻ ብቻ የሚጠብቅ መኖሪያ። የቀረው የእናቱ ፊርማ ነው። በዚህ ላይ፣ ሳይነግራቸው፣ «እርዳታ የሚያስፈልገው መንገደኛ» ብሎ መርከቡ ላይ አስመዝግቧቸዋል። በአንገት የሚንጠለጠል ቢጫ መታወቂያ ተሰጣቸው። አማቴ ከመስቀለኛ ቃላት መጽሔታቸው መሃል ከተቱት፤ የደረሱበትን ገጽ ለማመልከት ጥሩ ነው አሉ።

አንድ ቀን ጠዋት መርከባችን አንዲት የጣልያን ደሴት ወደብ ላይ ተጠግታ ነቃን። ደሴቲቱ ሞንታራ ትባላለች። ከቁርስ ጠረጴዛችን መስኮት ተራራ ይታያል፣ ተራራው አናት ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ የድንጋይ ደረጃ።

«ስንት ደረጃ ነው?» አሉ አማቴ ቡና የሚቀዳውን አስተናጋጅ።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ እመቤቴ። ግን አውቶቡስ በኋላ በኩል ይወጣል።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሹርድ፣ ስማኝ። ዛሬ ከዚህ መርከብ በእግሬ ወርጄ፣ እዚያ ላይ በእግሬ ወጥቼ፣ በእግሬ ተመልሼ መርከቡ ውስጥ ከገባሁ ያን ወረቀትህን ትቀድዳለህ። ታክሲ የለም፣ ዊልቸር የለም፣ እዘሉኝ የለም።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ዛሬ ማታ እራት ላይ እፈርምልሃለሁ። ትንፍሽ ሳልል።»

«አንቺ? ትንፍሽ ሳትይ?» ሹርድ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። እናቱ እየቀለዱ አልነበረም። «እሺ» አለ። «ዳኛው ማን ነው?»

«ዊትሰ ይሁን። እሱ ሁላችንንም እኩል ይፈራናል።»

ዳኝነቴን ተቀበልኩ። አማቴ ወዲያው ወደ ሥራቸው ገቡ። ሥራቸው ማለት ከቁርስ ጠረጴዛው ላይ ስምንት ዳቦ አንስቶ፣ ሰንጥቆ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ በፎርማጆ ሞልቶ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ መክተት ነው። እኛ አገር ከቤቱ ዳቦ ሳይዝ የሚወጣ ሰው እብድ ነው። «ምግብ ከመርከብ ማውጣት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ፊታቸው ተለጥፏል። «ለእንግዶች ነው» አሉ። «እኔ የመርከበኛ ሚስት ነኝ።» ሶፍቱ ሲያልቅባቸው ማለዳ በበራችን ሥር የተንሸራተተውን የመርከቡን የዕለት ወረቀት ከእጄ ነጥቀው የመጨረሻዎቹን ሁለት ዳቦዎች ጠቀለሉበት። ገና አላነበብኩትም ነበር። ቦርሳውን የምሸከመው ግን እኔ ነበርኩ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወረድን። መወጣጫው ጫፍ ላይ «የመጨረሻ መሳፈሪያ፦ አሥር ሰዓት ተኩል» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ሹርድ ወደቡ ላይ እንደረገጠ ስልኩን ከፍቶ ከደሴቲቱ የስልክ አገልግሎት ጋር አገናኘው፣ ኒንከም እኔም ተከተልነው። አማቴ ስልካቸውን ካቢናቸው ትተውታል፤ ማንም እንዲፈልጋቸው አይፈልጉም።

የአወጣጡን ነገር ባጭሩ ልናገር፤ አጭር ግን አልነበረም። አማቴ አሥር ደረጃ ይወጣሉ፣ ቆም ይላሉ፣ እይታውን እንደሚያደንቁ ሆነው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፣ ደግሞ አሥር ይወጣሉ። ሹርድ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ እጆቹን ዘርግቶ ይከተላል፣ ከመደርደሪያ ላይ ብርጭቆ ሊወድቅ ነው ብሎ እንደሚጠብቅ ሰው።

«ቀስ በይ እማዬ፣ ትወ—»

«ብወድቅ አንተ ላይ ነው የምወድቀው። ስለ ራስህ አስብ።»

መቶ ስድሳኛው ደረጃ አካባቢ አንዲት ጥቁር የለበሱ የደሴቲቱ አሮጊት ከደጃቸው ወንበር ይዘው ወጡ። አማቴ በሆላንድኛ እምቢ አሉ፣ አሮጊቷ በጣልያንኛ እምቢታውን እምቢ አሉ። ሁለቱም የሌላውን ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቁም፤ ክርክሩ ግን ሩብ ሰዓት ሞላ። በመጨረሻ አማቴ ሳይቀመጡ የወንበሩን መደገፊያ ብቻ ያዙ፣ ለምስጋና ከቦርሳቸው ጥቁሩን የጨው ከረሜላ አውጥተው ሰጡ። አሮጊቷ አኘኩት፣ ፊታቸው ተጨማደደ፣ ሆኖም አልተፉትም። እንደዚያ ያለ መከባበር በሕይወቴ አላየሁም።

ከላይ ባለው መንገድ የቁጥር አሥራ አራት አውቶቡስ አለፈ። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ውስጥ ያሉት ሲቀዘቅዛቸው ይታየኛል። እኔ በዓይኔ ተሰናበትኳቸው፣ አማቴ እንደ ንግሥት እጃቸውን አወዛወዙላቸው።

እንዲህ እያልን ደረስን። አማቴ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፣ ሌላ ሰው እንዳይወስድባቸው ምልክት እንደሚያደርጉ። ሹርድ ጥላው ሥር ቁጭ ብሎ እናቱን ዝም ብሎ አያቸው። ኮርቶባቸው ነበር፣ ኩራቱም አናዶት ነበር። ዳቧችንን በላን፣ አማቴ ካርቶን የሚያህል ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አንድ ሰዓት ያህል አሸለቡ።

ነገር የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። አማቴ ነቅተው ሰዓታቸውን አዩና ተነሡ።

«ዘጠኝ ሰዓት ነው። እንውረድ።»

«ስምንት ነው እማዬ» አለ ሹርድ ስልኩን እያየ። «ሁለት ሰዓት ተኩል አለን። ኒንከ ከኋላ በኩል ካለው ባሕር ዳርቻ እንዋኝ ብላለች።»

«ዘጠኝ ነው አልኩ። ያለን አንድ ሰዓት ተኩል ነው።»

«ይኸው ስልኬ፣ ስምንት። የኒንከም ስምንት። ዊትሰ፣ ያንተስ?»

አወጣሁ። ስምንት ይላል። ወደ መሬት አየሁ።

ሹርድ ወደ እህቱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ በደንብ ግን አላደረገም። «አየሽ? ሰዓቱ ተምታቶባታል። እኔ የምለው ይሄንኑ ነው። ዳሌዋ ብቻ አይደለም።»

አማቴ ሰሙት። እኚህን ሴት ሃያ ሁለት ዓመት አውቃቸዋለሁ። ሲቆጡ፣ ሲከራከሩ፣ ባላቸውን ሲቀብሩ አይቻለሁ፤ ፊታቸው እንደዚያ ሲሆን ግን አላየሁም። ለአፍታ የገዛ ሰዓታቸውን ተጠራጥረው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። እየሠራ ነው። ከዚያ ባርኔጣቸውን ጫኑ።

«እኔ ወርጃለሁ። መዋኘት የፈለገ ይዋኝ። ዳኛ፣ ተነሥ!»

ዳኛ ተነሣ። አምኛቸው አልነበረም፣ አልዋሽም። ሦስት ስልክና አንድ አሮጌ ሰዓት ሲጣሉ ማን ያሸንፋል ብትሉኝ ስልኩ ነበር የምላችሁ። ሹርድ «በእናንተ አረማመድ ግማሽ መንገድ ላይ እንደርስባችኋለን» ብሎ ከኒንከ ጋር በወዲያኛው በኩል ወረደ።

ቁልቁለት ላይ የአማቴን ምስጢር አየሁ። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ዘወር አሉና ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው፣ ብረቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የኋሊት መውረድ ጀመሩ። ሃርሊንገን ያለው ቤታቸው ደረጃ እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ የወረዱት እንዲሁ ነው። ጉልበት የሚያመው ወደ ፊት ሲወርዱ ነው ይላሉ፣ የኋሊት የወረደ ሰው ግን ጉልበት እንዳለውም አይሰማው። በፍጥነት ነው የሚወርዱት! የሚወጡት ጎብኚዎች መንገድ እየለቀቁ ቆመው ያይዋቸዋል። እኔ ቦርሳውን ይዤ ከሥራቸው «አንድ ቀረ፣ መታጠፊያ ነው፣ ድመት አለች» እያልኩ እመራለሁ።

ከመቶ ሃምሳ ደረጃ በኋላ ራበኝ። ቆም አልኩና የመጨረሻውን ዳቦ ፈታሁ። መጠቅለያው ቅቤ ጠግቧል፣ በቅቤው ውስጥ ግን ፊደሉ ጎልቶ ይነበባል፦ «ማሳሰቢያ። ዛሬ የደሴቲቱ ሰዓት ከመርከቡ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ስልክዎ በራሱ ይለወጣል፤ እባክዎ በስልክዎ አይመኑ። የመርከቡ ሰዓት አይለወጥም።»

ዳቦውን ወደ ቦርሳው መለስኩት።

«እማማ፣ ትክክል ነዎት።»

«አውቃለሁ» አሉ ሳይቆሙ። «ዳቦው ላይ ተጽፏል እንዴ?»

«አዎ! እርስዎ አንብበውት ነበር?»

«አይ። ለእኔ የነገረኝ ኦነ ነው።»

ስልክ ደወልኩ። የኒንከ ይጠራል፣ የሚያነሣ የለም፤ የሹርድም እንዲሁ። ስልካቸው ባሕር ዳር ጫማቸው ውስጥ ነው፣ እነሱ ውሃ ውስጥ ናቸው። በአማቴ ሰዓት ዘጠኝ ከአርባ ሆኗል። አማቴ ቆሙና ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩኝ።

«ሂድ ጥራቸው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ወርጄ መርከቡን እይዘዋለሁ።»

«መርከብ በምን ይያዛል እማማ?»

«አንተ ልጅ፣ ቆመህ ትጠይቀኛለህ? ሂድ!»

ብቻቸውን ትቻቸው ሄድኩ። መቶ ሃምሳ ደረጃ ወደ ላይ ሮጥኩ፤ ሮጥኩ የምለው ለክብሬ ነው። ከወዲያኛው በኩል ወርጄ ስደርስ ሹርድ ዓይኑን ጨፍኖ ውሃው ላይ በጀርባው ተንሳፍፏል። ባለፈው ዓመት እንደዚያ ያረፈ ፊት አላየሁበትም ነበር፤ ልቤ ባይፈቅድም ጮህኩበት። ቅቤ የጠጣውን ወረቀት አሳየሁት። አነበበ፣ እንደገና አነበበ፣ ከዚያ ስለ መርከቡ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር ጠየቀኝ።

«እማዬስ?»

«ደረጃው ላይ ናቸው። እየወረዱ።»

«ብቻዋን ተውካት?»

መልስ አልጠበቀም። በዋና ልብሱ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ወደ ደረጃው እግሬ አውጪኝ አለ፤ ኒንከና እኔ ከኋላው። በየመታጠፊያው ቆም ብሎ ወደ ታች ያያል፤ የወደቀች ሴት የሚፈልግ ሰው አስተያየት ነው። ወንበር ያወጡት አሮጊት ደጃቸው ላይ ነበሩ። ሹርድ በየትኛው ቋንቋ እንደሚጠይቅ ጠፍቶት አፉን ሲከፍት፣ አሮጊቷ በሁለት ጣታቸው መዳፋቸው ላይ የኋሊት የሚራመድ ሰው ሠርተው አሳዩትና ወደ ወደቡ ጠቆሙ። በአፋቸው ጥቁር ከረሜላ ነበር። ሹርድ ሳያስበው እጃቸውን ሳመ፣ ደግሞ ሮጠ።

ወደቡ ስንደርስ በስልኬ ዘጠኝ ከአርባ ሁለት ይላል፤ በመርከቡ አሥር ከአርባ ሁለት መሆኑ ነው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘግይተናል፤ መርከቡ ግን እዚያው ቆሟል። በመርከብ የሄዱ ያውቁታል፦ የዘገየ ሰው ወደብ ላይ ሲሮጥ በየሰገነቱ መጠጡን ይዞ የሚወጣው ሕዝብ ያጨበጭባል። ቁጥር አሥራ አራቶች ሁሉ ወጥተዋል። ሰባት ፎቅ ጭብጨባ በራሳችን ላይ ወረደ።

መወጣጫው እግር ሥር ግርግር አለ። ሁለት መርከበኞች፣ አንዲት ነርስ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ መኮንን። በመካከላቸው ዊልቸር፣ ዊልቸሩ ላይ ቢጫ መታወቂያ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ አማቴ። ሹርድ ቀጥ አለ። ከዚያ ጮኸ።

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው? ወደቅሽ?»

«ቀስ በል ልጄ» አሉ አማቴ፣ «ትወድቃለህ።»

ነገሩን የነገረን መኮንኑ ነው፤ ለመናገር የሚያስችል ትንፋሽ የነበረው እሱ ብቻ ነበርና። «እኚህ እመቤት አሥር ሰዓት ከሃያ ሦስት ላይ በእግራቸው፣ ቀጥ ብለው መጡ። መወጣጫውን መቼ ታነሣላችሁ ብለው ጠየቁኝ። አሥር ተኩል አልኳቸው። ሰው ወጥቶ ሳይጨርስ ታነሣላችሁ? አሉ። አይ አልኳቸው።» ላቡን ጠረገ። «ከዚያ አንድ እግራቸውን መወጣጫው ላይ አደረጉ፣ ከመጽሔታቸው መሃል ይሄን ቢጫ ነገር አውጥተው አንገታቸው ላይ አጠለቁ፣ እርዳታ የሚያስፈልገኝ መንገደኛ ነኝ አሉ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ዊልቸር አመጣን። ቀበቶው ጠበበኝ አሉ፤ አላላንላቸው። ፍሬኑ ይፈተሽ አሉ፤ ፈተሽን። ጫማቸው ወደቀ። ልባቸው በኃይል እንደሚመታ ነገሩን፤ ደም ግፊታቸው ተለካ። የአንድ ክንድ ብቻ አይበቃም አሉ፤ በሁለቱም ተለካ። ሁለት ጊዜ ከረሜላ ታደልን። ካፒቴኑ በሬዲዮ ምን ሆናችኋል እያሉ እየጮኹብኝ ነው፣ ጌታዬ፤ እባክዎን እናትዎን ያስገቡልኝ።»

ሹርድ በጉልበቱ ላይ ተደግፎ እየሳቀና እያለከለከ ቀና አለ። «በመጨረሻ ሻንጣ ሆንሽ፣ እማዬ?»

«ሻንጣ አትበለኝ» አሉ አማቴ። «ሻንጣ መርከብ ላይ ይጫናል። መርከብ የሚያቆመው መልህቅ ነው።»

ሰገነቶቹ እንደገና አጨበጨቡ። ዊልቸሩን ልጃቸው ገፍቶ አስገባቸው።

እራት ላይ ሹርድ ቅጹን ይዞ አልመጣም። አማቴ ሾርባቸውን ጨርሰው ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ወረቀቱስ?»

«ተይው በቃ፣ እማዬ።»

«ዳኛ! ተቀምጫለሁ አልተቀመጥኩም?»

ጠረጴዛው ሁሉ አየኝ። ሁሉንም እኩል ፈራኋቸው። «ተቀምጠዋል» አልኩ። ኒንከ በጠረጴዛው ሥር ቁርጭምጭሚቴን በእግሯ መታችኝ።

«እኔ ስትቀመጪ አላየሁም» አለ ሹርድ ቶሎ ብሎ። «ዓይኔን ላብ ሞልቶት ነበር። በእግርሽ ገብተሻል።»

«አልገባሁም። ተገፍቼ ነው የገባሁት፣ ያውም በአንተ። ምጽዋት አልፈልግም! ወረቀቱን አምጣ፣ ስክሪብቶም።»

ሁለቱ ግትሮች፣ አንዱ አሸነፍሽ እያለ፣ አንዷ ተሸነፍኩ እያሉ፣ ዓሣው እስኪመጣ ተከራከሩ። በመጨረሻ ሹርድ ተነሥቶ ሄደና ቅጹን አምጥቶ ፊታቸው አስቀመጠ። አማቴ መነጽራቸውን አደረጉ። ፊርማ አንድ ሰከንድ ይፈጃል፤ እሳቸው ግን ብዙ ጻፉ። የሞት ፍርድ የሚጻፍ ይመስል ማንም ሹካ አላነሣም። ጨርሰው ለኒንከ ገፉላት፤ ኒንከ ጮክ ብላ አነበበች።

«የነዋሪው ስም፦ ሹርድ። ዕድሜ፦ ሃምሳ አንድ። ለማመልከት ያስገደደ ምክንያት፦ ሰዓት ይምታታበታል። ብቻውን ሲተው መርከብ ሊያመልጠው ይችላል። ሲሮጥ ይወድቃል የሚል ስጋት አለን። የቅርብ ቤተሰብ ፊርማ፦ ሪንስከ፣ እናት።»

«እፈርማለሁ ብዬ ነበር» አሉ አማቴ። «ይኸው ፈረምኩ። በቅጹ ላይ የማን ስም እንደሚጻፍ አልተወራረድንም።»

ሹርድ ሳቀ፣ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሲናገር ድምፁ ሌላ ነበር። «እማዬ፣ እኔ የምፈራው ደረጃውን አይደለም። እኔ የምፈራው ያን ሌሊት ነው። ወለሉ ላይ... እኔ ደግሞ ተኝቼ።»

አማቴ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን እጅ ከፊቱ ላይ አወረዱት። «አውቃለሁ» አሉ። «እንግዲያው በየማታው ደውልልኝ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ። ካላነሣሁ ና። ግን በእኔ ሰዓት ነው፣ ባንተ ስልክ አይደለም።»

«በአንቺ ሰዓት» አለ ሹርድ።

ቅጹ ግርጌ ላይ የምስክር ስምና ፊርማ የሚል ባዶ መስመር ነበረ። አማቴ ስክሪብቶውን ወደ እኔ አንከባለሉት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈርቼያቸው ኖሬያለሁ፣ በእርሳቸው ምክንያት ስንት አውቶቡስ አምልጦኛል፣ ጉልበቴ እስከ ዛሬ ያመኛል። ስክሪብቶውን አነሣሁና ቀስ ብዬ፣ ፊደል በፊደል ፈረምኩ። የእርሳቸው አማች በሆንኩበት በሠርጌ ቀን እንኳ ስሜን እንደዚያ አሳምሬ አልጻፍኩም።